ሎኩን ማን ነው የያዘው?

ይህን የምጽፈው የከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ሞጁል፣ ማለትም ከርነሉ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ኮድ፣ ወይም ድራይቨር ለምትጽፉ፣ ወይም ልትጀምሩ ላሰባችሁ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ያሳጣኝ ችግር ነበር። መነሻው አንድ መስመር ኮድ ነው፤ መጥራት የሌለብኝን የከርነል የውስጥ ፈንክሽን ጠራሁ። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። ለቅርንጫፍ ቢሮዎች የኔትወርክ ሣጥን እናዘጋጃለን። ሣጥኑ ላይ ሊኑክስ ተጭኗል። በአንድ በኩል የኬብል ኢንተርኔት ይገባዋል፣ በሌላ በኩል ደግሞ ኬብሉ ሲቋረጥ የሚተካ የሞባይል ዳታ ዶንግል በዩኤስቢ ይሰካበታል። ዳታ በጥቅል ስለሚገዛ ዶንግሉ ሳይታወቅ ጥቅሉን ሙልጭ አድርጎ እንዳይጨርሰው በየመስመሩ ስንት ባይት እንዳለፈ መቁጠር ያስፈልጋል። እኔ የተሰጠኝ ሥራ ይህን በየአምስት ሰከንዱ የሚቆጥር የከርነል ሞጁል መጻፍ ነበር።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ሞጁሉ ሲጫን የዶንግሉን ስም ይቀበላል፣ ኢቲኤች1 እንበለው። ከርነሉ ውስጥ በዚያ ስም የተመዘገበውን ዲቫይስ ይፈልጋል፣ ፖይንተሩን (ሜሞሪ ውስጥ ያለበትን አድራሻ) ያስቀምጣል፣ ከዚያ ታይመር በደወለ ቁጥር ከፖይንተሩ ላይ ቆጠራውን ያነባል። በቃ።

ዲቫይስ በስም የሚፈልግ ፈንክሽን ስፈልግ ሁለት አገኘሁ። አንዱ ዴቭ_ጌት_ባይ_ኔም ነው። ሌላው ያው ስም ሆኖ ከፊቱ ሁለት አንደርስኮር አለው፤ __ዴቭ_ጌት_ባይ_ኔም። የመጀመሪያውን ከጠራችሁ ስትጨርሱ ዴቭ_ፑት ብላችሁ መልቀቅ አለባችሁ። ሁለተኛው ምንም አይጠይቅም። ኮዱ አጠረልኝ፣ ሁለተኛውን ወሰድኩ። ኮምፓይል አደረግኩት፣ አንድም ማስጠንቀቂያ የለም። ጫንኩት፣ ሠራ። ቁጥሩም ልክ ነው።

ከፈንክሽኑ በላይ ግን አስተያየት ተጽፎ ነበር። አርቲኤንኤል የሚባለው የኔትወርክ ሎክ (አንዱ ሲሠራበት ሌላው እንዳይነካው የሚያግድ ቁልፍ) ተይዞ ብቻ ይጠራ፣ የማጣቀሻ ቆጣሪውን (ዲቫይሱን ስንት ተጠቃሚ እንደያዘው የሚቆጥረውን) ስለማይጨምር ጠሪው ሎኩን በደንብ ይጠንቀቅ ይላል። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ኮዱ እየሠራ ስለነበር አለፍኩት።

14 ሣጥን ተልኮ ተተከለ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰላም ነበሩ። ከዚያ አንድ ቅርንጫፍ ደወለ፣ ሣጥኑ ደርቋል። አጥፍታችሁ አብሩት አልን፣ ተነሳ። በሳምንቱ ሌላ ቅርንጫፍ። ከዚያ ያው የመጀመሪያው። ስክሪን የሌለው ሣጥን ነው፣ ሲሞት ምን ብሎ እንደሞተ የሚያይለት የለም፤ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ሎጉ ላይ ምንም አይገኝም። ሙቀት ነው አልን። ፓወር ሰፕላዩን ቀየርን። የዶንግሉን ዓይነት ቀየርን። አንዱም አልረዳ።

ላፕቶፕና ሲሪያል ኬብል ይዤ ብዙ ጊዜ የሚደርቀው ቅርንጫፍ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጇ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ሣጥኑ የተሰቀለው ከጠረጴዛቸው አጠገብ ነው። ኬብሉን ስሰካ ቆይተው አዩኝና፣ «ልጄ፣ እኔ የታዘብኩትን ልንገርህ?» አሉ። «መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው ነገር የሚበላሸው። ግን ወዲያው አይደለም የሚሞተው። ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ ያህል ይቆያል።»

«እትዬ፣ መብራት ሲሄድ ሣጥኑም አብሮ ይጠፋል እንዴ?»

«ኧረ እሱ ባትሪ አለው። የሚጠፋው ይቺ የኢንተርኔቷ ናት፤ ትጠፋና ተመልሳ ትበራለች።»

ዶንግሉ የተሰካው ከግድግዳ መብራት በሚወስድ የዩኤስቢ ሃብ ላይ ነበር። መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ሣጥኑ ሳይጠፋ ዶንግሉ ብቻ ይጠፋና ይመለሳል ማለት ነው። ሦስት ሳምንት የፈለግነውን ነገር እሳቸው ተቀምጠው አይተውት ነበር። (ሶፍትዌር የምትሠሩ ልጆች፣ አጠገቡ ተቀምጦ የሚሠራበትን ሰው ቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ አልጠየቅኩም ነበር።)

ዶንግሉን ነቅዬ መልሼ ሰካሁት። ኢንተርኔት ተመለሰ፣ ስሙም ያው ኢቲኤች1 ሆኖ መጣ። የእኔ ቆጠራ ግን ቀጥ ብሎ ቀረ። ዳታ እያለፈ ቁጥሩ አይንቀሳቀስም። ተቀምጬ ጠበቅኩ። ሃያ ደቂቃ ገደማ ሲሆን ሲሪያሉ ላይ ጽሑፉ ተግተለተለ፣ የመጨረሻው መስመር ከርነል ፓኒክ፣ ፋታል ኤክሴፕሽን ኢን ኢንተረፕት ይላል። ከበላዩ ከተዘረዘሩት ፈንክሽኖች መካከል የእኔ ታይመር አለ።

ማታ ጀርመን አገር የምትኖር፣ ዩኒቨርሲቲ አብረን የተማርን ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ፤ ድራይቨር መጻፍ ሥራዋ ነው። ኮዱን ላክሁላት። ግማሽ ደቂቃ እንኳን አላየችውም።

«ሎኩን ማን ነው የያዘው?» አለችኝ።

«የምን ሎክ?»

ዝም አለች። እኔም ገባኝ።

የሆነው ይህ ነው። ዶንግሉ ሲነቀል ከርነሉ የድሮውን ዲቫይስ ከምዝገባ ይሰርዛል፣ ሜሞሪውንም ይለቃል። ሲሰካ አዲስ ዲቫይስ ይፈጥራል። ስሙ አንድ ነው፣ ሜሞሪው ሌላ ነው። የእኔ ፖይንተር አሁንም የድሮውን ቦታ ነው የሚያሳየው። ያ ቦታ ሌላ ሰው እስኪወስደው ድረስ የድሮ ቁጥሮች እዚያው ተኝተው ይቆያሉ፣ ለዚህ ነው ቆጠራው ቀጥ ያለው። ሌላ የከርነል ክፍል ሜሞሪውን ወስዶ የራሱን ነገር ሲጽፍበት ደግሞ እኔ የፈንክሽን አድራሻ ነው ብዬ የማነበው ቦታ ላይ ትርጉም የለሽ ቁጥር ይኖራል፣ ፕሮሰሰሩ ወደዚያ ይዘላል። ይህ የሚሆነው ታይመር ውስጥ፣ ማለትም ኢንተረፕት (ሌላው ሥራ ተቋርጦ የሚሠራ ሥራ) ውስጥ ስለሆነ ከርነሉ አንዱን ፕሮሰስ ገድሎ መቀጠል አይችልም፤ ራሱን ያቆማል። ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ የሚፈጀው ጊዜ እንግዲህ ያ ሜሞሪ ሌላ ባለቤት እስኪያገኝ ድረስ ያለው ጊዜ ነው።

ለሁሉም የተከፈተው ፈንክሽን፣ አንደርስኮር የሌለው፣ ራሱን ጠብቆ ነው የሚሠራው። የሚያስፈልገውን ጥበቃ ራሱ ይይዛል፣ ዲቫይሱን ሲያገኝ ቆጣሪው ላይ አንድ ይጨምራል። ያ አንድ ቁጥር «ይህን ሰው ይዞታል፣ እስኪለቅ እንዳታፈርሱት» ማለት ነው። የውስጡ ግን ጠሪው ይህን ሁሉ ጨርሶ እንደመጣ ያምናል። ጓዳ እንደ መግባት ነው። የቤቱ ሰው የትኛው ድስት ከእሳት ላይ አሁን እንደወረደ ያውቃል፣ ጓዳው ውስጥ ማስጠንቀቂያ መለጠፍ አያስፈልግም። እንግዳ ገብቶ እጁን ቢሰድ ይቃጠላል።

ሁለት አንደርስኮር ሁልጊዜ «አትንኩኝ» ማለት አይደለም፤ __ጌት_ፍሪ_ፔጅስን ማንም ድራይቨር በነፃነት ይጠራዋል። ስለዚህ በምልክቱ ብቻ አትፍረዱ። ምልክቱን ስታዩ ግን ቆም በሉና አስተያየቱን አንብቡ፣ ከዚያ ከርነሉ ውስጥ ማን እንደሚጠራው በግሬፕ (ጽሑፍ በሚፈልገው ትእዛዝ) ፈልጉ። ሁሉም ጠሪዎች ከመጥራታቸው በፊት አንድ ዓይነት ሎክ የሚይዙ ከሆነ እናንተም መያዝ አለባችሁ። ከሁሉም ምክር እኔን የጠቀመኝ ይህ ነው። አምስት ደቂቃ ይፈጃል።

ማስተካከሉም በአንዴ አልተሳካም። መጀመሪያ ወደ ዴቭ_ጌት_ባይ_ኔም ቀየርኩትና ፖይንተሩን ሞጁሉ እስኪወርድ ይዤ ቆየሁ። አሁን ፓኒክ የለም። ዶንግሉን ስነቅል ግን ዲሜሴጅ (የከርነሉ መልእክት ዝርዝር) ላይ በየአሥር ሰከንዱ አንድ መስመር መምጣት ጀመረ፤ ኢቲኤች1 ነፃ እስኪሆን እየጠበቅኩ ነው፣ የተጠቃሚ ቁጥር 1 ይላል። ያ አንዱ ተጠቃሚ እኔ ነኝ። ከርነሉ ቃሉን ጠብቆ እየጠበቀኝ ነው፣ እኔ አለቅም። የዩኤስቢውን መነቀል የሚያስተናግደው ሥራ እዚያው ተገትሮ ስለቀረ ዶንግሉን መልሼ ብሰካውም አያየውም።

ትክክለኛው መንገድ ከርነሉ ራሱ ያዘጋጀው ኖቲፋየር ነበር። ሞጁሉ «የኔትወርክ ዲቫይስ ሲመጣም ሲሄድም ንገሩኝ» ብሎ ይመዘገባል። ዲቫይስ ሲሰረዝ ከርነሉ ይጠራኛል፣ የሚጠራኝም አርቲኤንኤልን ራሱ ይዞ ነው። እኔ ታይመሩን አቆማለሁ፣ ዴቭ_ፑት እላለሁ፣ ፖይንተሩን ባዶ አደርጋለሁ። ዲቫይሱ ሲመለስ እንደገና እይዛለሁ። ሠላሳ መስመር የማይሞላ ኮድ ነው። ከዚያ በኋላ ዶንግሉን ሃምሳ ጊዜ ነቅዬ ሰካሁ፣ ምንም አልሆነም።

ይህን ሁሉ ከጨረስኩ በኋላ ጓደኛዬ ሌላ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ቆይ፣ ይሄ ነገር ለምን ሞጁል ሆነ?» የምፈልገው ቁጥር ከርነሉ ለተጠቃሚ ፕሮግራም በግልጽ የሚሰጠው ቁጥር ነው። ሲስ ፎልደር ውስጥ፣ በየዲቫይሱ ስም ሥር ስታቲስቲክስ የሚባል ፎልደር አለ፣ የገባውም የወጣውም ባይት እያንዳንዱ በአንድ ፋይል ተቀምጧል። የመምጣትና የመሄዱን ዜና ደግሞ በኔትሊንክ (ከርነሉ ከፕሮግራሞች ጋር በሚነጋገርበት መስመር) መስማት ይቻላል። ሞጁሉን አወጣነው፣ አጭር የፓይተን ስክሪፕት ተካው። ስክሪፕት ቢሞት ሣጥኑ አይሞትም።

የውስጥ ፈንክሽን ስትፈልጉ ራሳችሁን ካገኛችሁት መጀመሪያ ለምን ከርነል ውስጥ እንደገባችሁ ጠይቁ። ከዚያ በኋላ የሠራሁባቸውን ሥራዎች ሳስብ አብዛኛው ከውጭ የሚሠራ ነበር።

የሚቀጥለው መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ደግሞ ሌላ ዓይነቱ ገጠመኝ። የትኛው ፕሮግራም የትኛውን ፋይል እንደሚከፍት የሚመዘግብ ሞጁል ነበር፣ ሌላ ሰው ጽፎት የሄደ። ካልሲምስ_ሉክአፕ_ኔም በሚባል ፈንክሽን የሲስተም ኮል ሠንጠረዡን (ፕሮግራሞች ከርነሉን ሲጠይቁ የሚጠሩት ፈንክሽኖች ዝርዝር) አድራሻ ይፈልጋል፣ ከዚያ ሠንጠረዡ ላይ የራሱን ፈንክሽን ይተካል። ካልሲምስ_ሉክአፕ_ኔም የማንኛውንም የከርነል ምልክት (የፈንክሽን ወይም የዳታ ስም) አድራሻ በስሙ ይሰጣል፤ የተዘጋውንም ቢሆን። ኡቡንቱ 20.04 ላይ ከ5.4 ከርነል ጋር ይሠራ ነበር። በ2021 መጀመሪያ ዝመናው ወደ 5.8 ሲያሻግረን ሞጁሉ ኮምፓይል መሆን አቆመ። ምክንያቱም በ2020 የወጣው 5.7 ይህን ፈንክሽን ለሞጁሎች ዘግቶታል። የከርነል ገንቢው ዊል ዲከን ያቀረበው ፓች (የኮድ ማሻሻያ) ነው። ከርነሉ ውስጥ ካሉ ሞጁሎች የሚጠቀምበት አልነበረም፤ በሩ ክፍት በመሆኑ የሚጠቀሙት የተዘጋውን የሚዘልሉት ነበሩ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወዲያው መውጫ አገኘ። ኬፕሮብ (የከርነል ፈንክሽኖችን ለመከታተል የተሠራ መሣሪያ) የዚያኑ ፈንክሽን አድራሻ ይሰጣል፣ ስለዚህ በኬፕሮብ አድራሻውን ይዘን እንደ ድሮው እንቀጥል አለ። ይሠራል። እኔ ግን አጥብቄ ተቃወምኩ። ምክንያቶቼን ላስረዳ፣ ምክንያቱም ይህ ዘዴ እስካሁን ብዙ ሰው እጅ ላይ ነው።

አንደኛ ነገር፣ ስታቲክ የሆነ (ከራሱ ፋይል ውጭ በስም የማይጠራ) ፈንክሽን ፊርማው፣ ማለትም የሚቀበላቸው አርጉመንቶች፣ ሶርሱ ላይ እንዳለው ላይሆን ይችላል። ኮምፓይለሩ ጠሪዎቹን ሁሉ ስለሚያውቃቸው አንድ አርጉመንት ሊያስወግድ፣ ቋሚ ቁጥር ሊተካበት ይችላል። የምልክት ዝርዝሩ ውስጥ ከስም በኋላ ነጥብ ኢስራ ወይም ነጥብ ኮንስትፕሮፕ የሚል ጭራ ካያችሁ ይህ ተደርጓል። አድራሻውን አግኝታችሁ በሶርሱ ፊርማ ብትጠሩት ሪጅስተሮቹ ላይ የተሳሳተ ነገር ይዛችሁ ትገባላችሁ፣ ኮምፓይለሩም አያስጠነቅቃችሁም።

ከዚያ ፕሮሰሰሩ ራሱ አለ። ከ5.18 ጀምሮ ኤክስ86 ከርነል አይቢቲ የሚባለውን የኢንቴል ጥበቃ ይደግፋል። በፖይንተር የሚጠራ ፈንክሽን መግቢያው ላይ ኤንድብራንች የሚባል ትእዛዝ ሊኖረው ይገባል፤ ከርነሉ ደግሞ በፖይንተር የማይጠሩትን ፈንክሽኖች ሲነሳ ያንን ትእዛዝ ያጠፋባቸዋል። አድራሻውን ሰርቃችሁ ብትጠሩት ያንን ጥበቃ ባላቸው አዳዲስ ማሽኖች ላይ እዚያው ትወድቃላችሁ። አሮጌው የመሞከሪያ ማሽናችሁ ላይ ግን ምንም አታዩም።

የሲስተም ኮል ሠንጠረዡም ቢሆን ያው ነው። በ2018 በወጣው 4.17 የኤክስ86-64 ሲስተም ኮሎች አርጉመንት አቀባበል ተቀየረ፣ ሠንጠረዡን የሚጠልፉ ሞጁሎች ሁሉ ተሰበሩ። በ2024 በ6.9 ደግሞ ከርነሉ ለፕሮሰሰር ድክመት መከላከያ ሲል በሠንጠረዡ መጥራቱን ትቶ በስዊች መጥራት ጀመረ። ሠንጠረዡን ብትተኩት ማንም አያየውም። ሞጁላችሁ ተጭኖ፣ ስህተት ሳያሳይ፣ ምንም ሳይመዘግብ ይቀመጣል። የደኅንነት ምርት ከሆነ ይህ ከክራሽ ይብሳል፤ ሰዉ እየተጠበቅኩ ነው ብሎ ያምናል።

ይህን ሁሉ የከርነል ሰዎች በክፋት ነው የሚያደርጉት የሚል ሰው ብዙ አለ። አይደለም። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በጥብቅ የያዘው ሕግ የተጠቃሚ ፕሮግራም አይሰበር የሚለው ነው። ለውስጡ ግን ቃል ተገብቶ አያውቅም፤ ውስጡን በነፃነት ማደስ ካልቻሉ የውጩን ቃል ይዘው መቀጠል አይችሉም። የውስጥ ፈንክሽን ላይ የተደገፈ ውጫዊ ሞጁል በበዛ ቁጥር አንዱን መቀየር በፈለጉ ጊዜ ሁሉ የማያውቁት ሰው ሥራ ይፈርሳል።

በሌላ ወገን ላላችሁ፣ ማለትም ሌሎች የሚጠሩትን ኮድ ለምትጽፉ፣ ከራሴ ያየሁትን ልንገራችሁ። ስም ብቻ አይበቃም፣ አስተያየት ብቻም አይበቃም። እኔ ሁለቱንም አይቼ አልፌያለሁ። አይቶ የሚያልፍ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ይኖራል። ማስጠንቀቂያ ማብዛትም አይሠራም፤ ሊነስ በ2018 ዴፕሪኬትድ (ጊዜው ያለፈበት) የሚለውን የኮምፓይለር ማስጠንቀቂያ ከከርነሉ ያነሳው ጩኸቱ በዝቶ የሚሰማው ሰው ስለጠፋ ነው። የሚሠራው ማሽኑ ራሱ እንዲያስቆም ማድረግ ነው። ስታቲክ መሆን የሚችለውን ስታቲክ አድርጉት። የውስጡን ሄደር ከሕዝቡ ሄደር ጋር አታስቀምጡ፣ ከሲ ፋይሎቹ አጠገብ ይሁን። ለጥቂት ሞጁሎች ብቻ የሚከፈት ከሆነ ከ5.4 ጀምሮ የምልክት ኔምስፔስ (ስሞችን በቡድን መከለያ) አለ፤ ሞጁሉ ኔምስፔሱን በስሙ ካላስገባ ይታወቅበታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፈንክሽኑ መጀመሪያ ላይ ሎክዴፕ_አሰርት_ሄልድ (ሎኩ መያዙን የሚፈትሽ) ጻፉ። አንድ መስመር ነው። መሞከሪያ ከርነሉ ላይ ሎኩን ሳይዝ የገባ ሁሉ በመጀመሪያው ጥሪ ዲሜሴጅ ላይ ስሙ ይወጣል። እኔ የጠራሁት ፈንክሽን ውስጥ ያ መስመር ቢኖርና ሎክዴፕ፣ የሎክ ስህተት የሚይዘው የከርነል መፈተሻ፣ በርቶ ቢሆን ኖሮ ሣጥኖቹ ከቢሮ ሳይወጡ አውቀው ነበር።

ሞጁል ጻፊዎች ደግሞ ሎክዴፕንና ካሳንን አብርታችሁ ያልሞከራችሁትን ነገር ወደ ደንበኛ አትላኩ። ካሳን የተለቀቀ ሜሞሪ ሲነበብ የሚይዝ መሣሪያ ነው፣ ከ4.0 ጀምሮ ከርነሉ ውስጥ አለ። ማሽኑን ያዘገየዋል፣ ሜሞሪም ይበላል፣ ግን ለሙከራ ነው። በኋላ የድሮ ሞጁሌን ካሳን ባለበት ከርነል ላይ ጭኜ ዶንግሉን ነቀልኩት። ታይመሩ በሚቀጥለው ሲደውል፣ በአምስት ሰከንድ ውስጥ፣ መስመሩን ከነቁጥሩ ነገረኝ።

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ኮድ ላከልኝ። «ወንድሜ፣ ካልሲምስ_ሉክአፕ_ኔም አዲሱ ከርነል ላይ እንቢ አለኝ፣ እንዴት ላስከፍተው?» ይላል። ምን ልትሠራ ነው አልኩት። የአንድ ፎልደር ፋይሎችን ማን እንደሚከፍት ማወቅ ነው የፈለገው። ስለ ፋኖቲፋይ ጻፍኩለት። ከተጠቃሚ ፕሮግራም የሚጠራ፣ ፋይል ሲከፈት የከፋቹን ፕሮሰስ ቁጥር የሚነግር ነው፤ ከ2.6.37 ጀምሮ አለ። በሁለተኛው ቀን መቶ መስመር ገደማ የሆነ የሲ ፕሮግራም ላከልኝ፣ ሞጁል የለበትም። 5.4 ላይም 6.9 ላይም ሞክሮታል፣ በሁለቱም ይሠራል።